ቅጠል የመሰለ ሁሉ ጥላ አይሆንም

የሕንድን አዳዲስ ሕንፃዎች የሚያስተዋውቁ የአርክቴክቸር መጽሔቶችን ያገላበጠ ሰው አንድ ዓይነት ሥዕል ደጋግሞ ያያል። ከየፎቁ ሐረግ የተንጠለጠለበት የመስታወት ማማ፣ ጣሪያው እንደ ሎተስ አበባ የተከፈተ አዳራሽ፣ ዓምዱ የዛፍ ግንድ መስሎ የተቀረጸ የአውሮፕላን ማረፊያ። ከሥዕሉ ሥር የሚሰፍሩት ቃላትም አይለወጡም፤ «ከተፈጥሮ የተቀዳ»፣ «አረንጓዴ»፣ «ዘላቂ»። ቀጥሎ የምስክር ወረቀቱ ደረጃ ይጠቀሳል፤ ወርቅ ነው፣ ፕላቲነም ነው። ቤት ሻጩም፣ ባለሥልጣኑም፣ የአርክቴክቸር ተማሪውም ይህንኑ ተቀብለው ያስተጋባሉ፤ ሕንድ ኪነ ሕንፃዋን ከተፈጥሮ ጋር አስታርቃለች፣ ምስክሮቹም እነዚህ ሕንፃዎች ናቸው ይባላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ሕንድ ከተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ሕንፃ መሥራትን በእርግጥ ታውቅበታለች፤ ከማንም በተሻለ ታውቅበታለች ብል ማጋነን አይመስለኝም። ያ እውቀት ግን መጽሔት ሽፋን ላይ በሚወጡት በአብዛኞቹ ሕንፃዎች ውስጥ አይገኝም። ይባስ ብሎ ዛሬ አረንጓዴ የሚል ስም የተሰጠው አሠራር ያንኑ እውቀት ከገበያ እያስወጣው ነው።

ክርክሩ የውበት ምርጫ እንዳይመስል ከሙቀቱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በራጃስታን ግዛት ፋሎዲ በምትባል ከተማ የአየሩ ሙቀት 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2010፣ አሕመዳባድ በሙቀት ማዕበል ስትመታ በዚያ አንድ ወር ብቻ በደኅናው ጊዜ ከሚሞተው በላይ 1,344 ሰው አልቋል። ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያ የተባለውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ያወጣችው ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው። የሕንድ መንግሥት በ2019 ይፋ ያደረገው የማቀዝቀዣ ዕቅድ እንደሚለው፣ በጊዜው ከ100 ቤተሰብ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) የነበራቸው 8ቱ ብቻ ናቸው። የአገሪቱ የማቀዝቀዣ ፍላጎት ግን በ20 ዓመት ውስጥ ስምንት እጥፍ ያህል እንደሚሆን ተተንብዮአል። ኤሲውን የሚያሠራው መብራት ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱ ገደማ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ነው። ኤሲ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ሙቀቱን አውጥቶ መንገድ ላይ በመጣል መሆኑም መረሳት የለበትም። በዚያ መንገድ ላይ አትክልት የሚቸረችረውና ሪክሾ የሚነዳው ሰው ከ92ቱ ወገን ነው።

ስለዚህ በሕንድ ምድር አንድ ሕንፃ ከተፈጥሮ ተምሯል ከመባሉ በፊት ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው። ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት ቢጠፋ ውስጡ ያለው ሰው ምን ይሆናል? ዙሪያውን መስታወት የለበሰው ማማ በዚህ ጥያቄ ወዲያው ይወድቃል። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ይገባና ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን ያሞቃል፤ የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚለቀው ሙቀት ግን በዚያው መስታወት በቀላሉ አይወጣም። የአበባ እርሻዎች ግሪንሃውስ የሚሠሩት ለዚሁ ሲሉ ነው። ፀሐይ ለሚናፍቁት የሰሜን አውሮፓ ከተሞች ይህ ጥቅም ነበር። በዴልሂ ዳርቻ በጉርጋኦን፣ የምዕራብ ፀሐይን ፊት ለፊት ለሚቀበል፣ መስኮቱ ለማይከፈት፣ በረንዳ ለሌለው መሥሪያ ቤት ግን ራስን በራስ መጥበስ ነው። ከግንባሩ ላይ ሐረግ ቢንጠለጠልበት የሚለወጠው ፎቶግራፉ ነው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ2007 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው የሕንፃ ኃይል ቁጠባ ኮድ በመደበኛው መንገድ ለሚሄድ ግንባታ መስኮት ከውጭ ግድግዳው ስፋት 40 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ነገር ግን ሌላ በርም ከፍቷል። ሕንፃው በጠቅላላው ከማነጻጸሪያው የበለጠ ኃይል እንደማይበላ በኮምፒውተር ስሌት ያሳየ አልሚ ከገደቡ ማለፍ ይችላል። አብዛኛው የአረንጓዴ ምስክር ወረቀትም የኃይል ነጥቡን የሚሰጠው በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው። ባለሙያው በኮምፒውተር ሁለት ሕንፃ ይሠራል። አንዱ ሊገነባ የታሰበው ነው፤ ሌላው ለንጽጽር ብቻ የተፈጠረ፣ መሬት ላይ የማይቆም ሕንፃ ነው። የታሰበው ከምናባዊው ያነሰ መብራት ይበላል ከተባለ ነጥቡን ያገኛል። ሁለቱም ኤሲ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራባቸው ሕንፃዎች ቢሆኑም ችግር የለውም። ከመጀመሪያውም ኤሲ እንዳያስፈልገው ሆኖ የታነጸ ሦስተኛ ሕንፃ ቢመጣ፣ በዚህ መንገድ ሲለካ ብልጫው በአግባቡ አይታይለትም።

የሕንድ የኃይል ቁጠባ ቢሮ በ2009 ለመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ያወጣው የኮከብ ደረጃ ከዚህ በብዙ ይሻላል። በዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተበላ ይጠይቃል፤ መልሱም የሚገኘው ከቆጣሪው ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ እያለ በየሽያጭ ማስታወቂያው ላይ የሚደምቀው ፕላቲነሙ መሆኑ ያበሳጨኛል። ገዢው ቃል ይገዛል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ከገባበት በኋላ ነው።

የቤንጋሉሩ ኬምፔጎውዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለተኛ ተርሚናል በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሌ ይጠቀሳል። በኅዳር 2022 ሲመረቅ «በአትክልት ቦታ ውስጥ ያለ ተርሚናል» ተብሎ ተሞካሽቷል። ቀና ብለው ሲያዩት ጣሪያው ቀርከሃ ነው፤ እጽዋት ከላይ ተንዠርግገዋል፤ ውሃ ይወርዳል። ያምራል፤ በረራ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ሲቀመጥ መንፈሱ ዘና እንደሚልም አልጠራጠርም። ሆኖም ጣሪያውን የተሸከመው ብረት ነው። ቀርከሃው ብረቱን ያለበሰ ሽፋን ነው። በዓመት ሚሊዮኖችን የሚያስተናግድ ተርሚናል ብረት ቢፈልግ አይደንቀኝም፤ ለሽፋኑም ቢሆን ከአሉሚኒየም ቀርከሃ ይሻላል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ይህ ሕንፃ የአገሪቱ የዘላቂ ኪነ ሕንፃ ምሳሌ ተደርጎ ሲቀርብ፣ ቀርከሃ የሚባለው ነገር ሸክም የሚችል፣ ርካሽ፣ በየመንደሩ የሚበቅል የግንባታ እንጨት መሆኑ ይረሳና ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በአሳም ግዛት ቤቱን በቀርከሃ የሚሠራው ገበሬ ግን ተርሚናሉን በሚያደንቁት ሰዎች ዓይን ድኻ ነው።

የዴልሂውን የሎተስ ቤተ ጸሎትም በትክክል የሚያየው ጥቂት ነው። በ1986 የተጠናቀቀው ይህ የባሃኢዎች ቤተ ጸሎት እብነ በረድ በለበሱ 27 ቅጠሎቹ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል፤ ከተፈጥሮ ስለተቀዳ ሕንፃ ሲወራም ሁሌ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ትምህርቱ ያለው ግን ከቅጠሎቹ ሥር ነው። ዙሪያውን የከበቡት ዘጠኝ ገንዳዎች ለመልክ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። በውሃው ላይ የሚያልፈው አየር ቀዝቅዞ ከታች ይገባል፤ አዳራሹ ውስጥ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣና በጣሪያው ክፍት በኩል ይለቀቃል። አዳራሹ ራሱ ጭስ ማውጫ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። አርክቴክቱ ፋሪቦርዝ ሳህባ አበባውን ትቶ ሣጥን ቢሠራ እንኳ ይህ አየር ይዘዋወር ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት የቀዱት ግን አበባውን ነው፤ ገንዳውንና ክፍቱን የቀዳ ብዙም አላየሁም።

ይህን እውቀት የቀዱ ሰዎች የሉም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። በጃይፑር ዳርቻ ሞርፎጄኔሲስ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት በ2008 የሠራው የፐርል አካዳሚ የፋሽን ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ከውጭ ለሚያየው ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም፤ አራት ማዕዘን፣ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። ዙሪያውን ጃሊ የሚባለው፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ግድግዳ ይከበዋል። ይህ ግድግዳ በትክክለኛው ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ 1.2 ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። ፀሐይዋ የምታቃጥለው ጃሊውን ነው፤ በመሐል ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የክፍሎቹ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ይውላል። ሕንፃው በምሰሶ ላይ ተነሥቶ ከሥሩ መሬቱ ተቆፍሯል፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተጣራ ፍሳሽ ውሃ የተጠራቀመበት ገንዳ አለ። የራጃስታን ሰዎች ደረጃ ባላቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቻቸው ዳር ቀትርን ያሳልፉ የነበሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመሬት በታች ያለው አፈር አይሞቅም፣ ውሃው ሲተን ደግሞ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ጣሪያው ላይ የተደፉ የሸክላ ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ በየመሐላቸው አሸዋና የጡብ ስብርባሪ ሞልተው ስስ ኮንክሪት አልብሰውታል። አርክቴክቶቹ እንደሚሉት ውጭው 47 ዲግሪ ሲሆን ተማሪዎቹ በሚቀመጡበት ከሕንፃው ሥር ያለው ቦታ 29 ነው። በዚህ ሕንፃ ላይ አንድም ቅጠል አልተቀረጸም።

የውሃውን ሥራ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ባይነካውም ይቀዘቅዛል፤ በሸክላው ቀዳዳዎች እየወጣ የሚተነው እርጥበት የቀረውን ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። አንት ስቱዲዮ የተባለ የዴልሂ አካባቢ ድርጅት በኖይዳ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ይህንኑ ነው። ጄኔሬተር የሚተፋው ትኩስ አየር ሠራተኛውን ሲያስቸግር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ቱቦዎችን እንደ ንብ ቀፎ ደርድረው ውሃ አፈሰሱባቸው፤ አየሩ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ በረደ። እዚህ ላይ የቀፎው ቅርጽ ሥራ አለው፤ በትንሽ ቦታ ላይ ሰፊ እርጥብ ገጽ ያስገኛል። ከተፈጥሮ የተቀዳ ቅርጽ ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። ቱቦውን የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸውን ደግሞ እጅግ ወድጄዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሎሪ ቤከርን ማንሣት አለብኝ። በ1917 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በሕንድ ኖሮ፣ ዜግነቷን ወስዶ በ2007 በኬራላዋ ቲሩቫናንታፑራም ያረፈ አርክቴክት ነው። በወጣትነቱ ማኅተማ ጋንዲን አግኝቶ ቤት ከአምስት ማይል ርቀት ውስጥ በሚገኝ ቁሳቁስ መሠራት እንዳለበት ከአንደበታቸው እንደሰማ ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ያንን ቃል በግንብ ሥራ ተረጎመው። ግንበኛ ጡብን እንደ ልማዱ በሆዱ አስተኝቶ ሲደረድር ግድግዳው ድፍን ይሆናል። ቤከር ጡቡን በጎኑ አቆመው፤ ሁለቱን በግራና ቀኝ ካቆመ በኋላ አንዱን በአግድም እያሳለፈ አሠራቸው። የግድግዳው ውፍረት ያው ነው፤ መሐሉ ግን ክፍት ስለሚሆን ጡቡ በ25 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ክፍቱ አየር ደግሞ ሙቀት እንዳያልፍ ይከላከላል። ልስን አያስፈልገውም፤ ቀለም አይፈልግም። ሶሌታው ላይም እንዲሁ አደረገ። የሶሌታ የታችኛው ክፍል ኮንክሪት እምብዛም ሥራ የለውም፤ የሚሠራው ብረቱ ነው። ስለዚህ በብረቶቹ መሐል አሮጌ የጣሪያ ሸክላ አስገብቶ ኮንክሪቱን ቀነሰ። እርጥበት በሚበዛበት በኬራላ ሰውን የሚያቀዘቅዘው የሚነፍስ አየር ስለሆነ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው የልማት ጥናት ማዕከል ግድግዳዎች ጡብ በማጉደል የተበሳሱ ናቸው፤ ነፋሱ ያልፋል፣ ብርሃኑ ተሰባብሮ ይገባል፣ ዝናቡ ይቀራል። ዛፍ ላለመቁረጥ ሲል ግድግዳውን ጠምዝዞ ያሳልፍ ነበር። ይህ ሰው የፕላቲነም ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ብዙው ሥራው ግን ለመምህር፣ ለዓሣ አጥማጅ፣ ለካህን፣ ለድኻ ቤተሰብ የተሠራ ነበር።

ይህን ስናገር የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ይህ የትዝታ ናፍቆት ነው፤ 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ በጭቃና በጡብ ወንፊት አይኖርም፤ ከተማ ፎቅ ይፈልጋል።» ፎቅማ ይፈልጋል። አርክቴክቱ ቻርልስ ኮሪያ በ1983 በሙምባይ የጨረሰው የካንቻንጁንጋ አፓርትመንት 28 ፎቅ ነው። የድሮውን የሕንድ ቤት በረንዳ ወስዶ በማዕዘኑ ላይ ሁለት ፎቅ ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ አደረገው፤ የባሕሩ ነፋስ በቤቱ መሐል አቋርጦ ያልፋል፣ ፀሐይና የክረምት ዝናብ ግን ክፍሉ ጋ አይደርሱም። ባለጸጎች የሚኖሩበት ሕንፃ መሆኑ እውነት ነው፤ የፎቁ ጥያቄ ግን በእሱ ተመልሷል። ኤሲ የግድ ነው ለሚሉትም የቴክኖሎጂ ኩባንያው ኢንፎሲስ በ2011 በሃይደራባድ ያደረገውን ሙከራ አንሥቼ እጠይቃለሁ። አንድ ሕንፃ ለሁለት እኩል ተከፍሎ ግማሹ በተለመደው፣ ግማሹ በሶሌታው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በሚያዘዋውር ቱቦ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ሁለተኛው ለማቀዝቀዣ የበላው መብራት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር። የዚያ ሕንፃ መስኮቶች ጠባብና ጥላ ያላቸው ስለነበሩ እንጂ መስታወት ለብሶ ቢሆን ቱቦው ሙቀቱን ባልቻለው ነበር። የብዙኃኑ መኖሪያም ቢሆን አልተዘነጋም። አርክቴክቱ ባልክሪሽና ዶሺ በኢንዶር ከተማ ለ6,500 ያህል ቤቶች ባቀደው በአራንያ ሰፈር ነዋሪው በአቅሙ ቀስ በቀስ የሚያሳድገው ቤት ሠርቷል፤ ጎዳናዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ቤቶቹ እርስ በርስ ጥላ ይሰጣጣሉ።

ለመናገር የሚከብደኝ ስለ ጭቃ ቤት ነው። በሕንድ የቤት ቆጠራ ግድግዳው ከጭቃ ወይም ካልተጠበሰ ጡብ የሆነ ቤት ጽኑ ቤት ተብሎ አይመዘገብም። በ2016 የተጀመረው የገጠር የቤቶች መርሐ ግብር ድኻ ቤተሰብ 25 ካሬ ሜትር ጽኑ ቤት እንዲሠራ በሜዳማ አካባቢ 120 ሺህ ሩፒ ይሰጣል። በዝናብ ወቅት ግድግዳዋ ሲናድባት ልጆቿን ይዛ የምታድር እናት የኮንክሪት ቤት ብትመኝ ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። የምወቅሰው መመዝገቢያውን ነው፤ የሚናደውንና የማይናደውን ጭቃ አይለይምና። በደቡብ ሕንድ በኦሮቪል የሚገኘው የአፈር ግንባታ ተቋም ከአፈርና ከ5 በመቶ ሲሚንቶ ብቻ፣ ሳይጠበስ በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ብሎኬት ለአሠርት ዓመታት ሲያመርትና ሲያስተምር ኖሯል፤ በእሱ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። በጥር 2001 በጉጅራት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 20 ሺህ ያህል ሰው ሲፈጅ በኩች በረሃ የነበሩት ክብ የጭቃ ቤቶች፣ ቡንጋዎቹ፣ በደንብ የተሠሩት ቆመው ተገኝተዋል። ክብ ግድግዳ መንቀጥቀጡን ዙሪያውን ይከፋፈለዋል፤ የሣር ጣሪያውም ቀላል ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ የተቋቋመው ሁናርሻላ ድርጅት የዚህን አሠራር ባለሙያዎች ሰብስቦ እንደገና ሥራ አስጀመራቸው። በመንግሥት መዝገብ ግን ግድግዳቸው አሁንም ጭቃ ነው። የተማረው ወገን ደግሞ ወደዚያው ኩች ለመዝናናት ሲሄድ ቡንጋ ተከራይቶ ያድራል።

የእኔ ወገን ናቸው በምላቸው ዘንድም የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። ጃሊ ተወዳጅ ከሆነ ወዲህ በሌዘር የተቆረጠ ብረት በመስታወት ላይ ተለጥፎ «ባህላዊ» ይባላል። ብረቱ ራሱ በፀሐይ ግሎ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይረጫል። ጥላ የሚሰጠው ጃሊ ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ፣ ጥልቀቱ ሰፊ ሆኖ ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያልፍ የተሰላ ነው። የሎተስ ቅጠል እንደተቀዳው ጃሊም እንዲሁ መልኩ ብቻ ተቀድቶ ሥራው ተጣለ። ቅድመ አያቶችን ማወደስም ከዚህ ስሕተት አያድንም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አረንጓዴ የሚል ስም የወሰደ ሕንፃ ሁሉ ሰው ከገባበት ከዓመት በኋላ የመብራትና የውሃ ፍጆታውን በካሬ ሜትር ይፋ ያድርግ፤ ካላደረገ ስሙን ይመልስ። የቤት ቆጠራው ጽኑ የአፈር ግድግዳን ከሚናደው ለይቶ ይመዝግብ። የቤቶች መርሐ ግብሩም ግንበኞችን በአፈር ብሎኬትና በክፍት ግንብ ያሠልጥን። አሕመዳባድ የድኻ ሰፈር ቆርቆሮዎችን በነጭ ቀለም ማስቀባት የጀመረችው በዚሁ መንፈስ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ለሚኖር ቤተሰብ ያ ባልዲ ቀለም ከማንኛውም የሎተስ ጣሪያ ይበልጥበታል።

በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች አርክቴክቸርና ሲቪል ምሕንድስና የምትማሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ወደ አሕመዳባድ ከሄዳችሁ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባውን፣ ጣሪያው ነጭ የሸክላ ስብርባሪ የለበሰውን የዶሺን ስቱዲዮ ሳንጋትን፣ ወደ ቲሩቫናንታፑራም ከዘለቃችሁ የቤከርን ግንቦች ቀትር ላይ እዩ፤ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ፕላቲነም የተሰጠውን ማማ ስትጎበኙ ደግሞ አስጎብኚውን ያለፈውን ዓመት የመብራት ሂሳብ ጠይቁት። ሊያሳያችሁ ካልፈለገ፣ ያንን ሕንፃ ወደ አገር ቤት ይዛችሁ አትምጡ።